የጋሽ በላቸው ጅማት

ጋሽ በላቸው የተቀበሩ ዕለት ለቅሶው መሃል ሳቅ ተሰማ። ያሳቁን እትዬ የሺ ናቸው፤ በንፋስ መውጫ ገበያ ገብስና ባቄላ የሚነግዱት፣ ሴት ወንዱ የሚያውቃቸው። ከሴቶቹ መሃል ወጡ፣ ነጠላቸውን አደገደጉ፣ ደረታቸውን እየመቱ እንዲህ ሲሉ ሙሾ አወረዱ፤

የበጉን አንጀት ሲያጠነክር ኖሮ፣
የኛን በጥሶ ሄደ ዘንድሮ።

እኛ እንባችን ሳይደርቅ ሳቅን። ከአዲስ አበባ የመጡት ዘመዶቻቸው ግን ተያዩ። አንዱ ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ "እሳቸው የስፖርት አስተማሪ አልነበሩም እንዴ? ከበግ አንጀት ጋር ምን አገናኛቸው?" አለኝ። እዚያ ቆሜ ልነግረው አልቻልኩም። የጋሽ በላቸው ነገር ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚወራ አይደለም፤ ያስቃል፣ ያስጮሃል፣ እጅ ያወናጭፋል። መቃብር አፋፍ ላይ እንዴት ይሆናል? አሁን ግን ልናገረው።

መጀመሪያ ያየኋቸው የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በባዮሎጂ መምህርትነት ንፋስ መውጫ ከተመደብኩ ገና ሳምንትም አልሞላኝም ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ሰው የቴኒስ ራኬት ጆሯቸው ላይ ደግነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። በጥፍራቸው መታ ያደርጉታል፣ ያዳምጣሉ፣ ለብቻቸው ይስቃሉ። ሌሎቹ መምህራን ፈተና እያረሙ ነው፤ ቀና ብሎ ያያቸው የለም። ለምደዋቸዋል።

"ነይ፣ ነይ! አዲሷ ነሽ? ምንድን ነው የምታስተምሪው?"

"ባዮሎጂ።"

"ባዮሎጂ! እሰይ! እስቲ ይቺን ስሚ።" ራኬቱን ጆሮዬ ላይ ለጠፉና መቱት። ትንንን አለ። ወዲያው ሌላ አንስተው መቱ። እሱ ደግሞ ቷ! ብሎ ዝም አለ። "ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"እኔ እንጃ… የመጀመሪያው ይዘፍናል። ሁለተኛው ይቆጣል።"

"ሰማችሁ?" ብለው ጮኹ፣ ክፍሉ ውስጥ ላለነው ሁሉ። "ይቆጣል አለች! ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ከእናንተ አንዱ እንኳ ይህን ብሎኝ ያውቃል?"

ከዚያን ዕለት ወዲያ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። "አንቺ ባዮሎጂ!" ነው።

ትውልዳቸው እዚያው ጋይንት ነው። በልጅነታቸው አጎታቸው አዲስ አበባ ወሰዷቸውና አንድ የቴኒስ ሜዳ አጥር ሥር አደጉ። ኳስ አቀባይ ሆኑ፤ ከፍ ሲሉም የራኬት ክር የሚወጥሩ አንድ አዛውንት ሙያውን አስተማሯቸው። ከዚያ የስፖርት መምህር ሆነው ተመረቁና ሰው ሁሉ ከገጠር ወደ ከተማ ዝውውር ሲለምን እሳቸው ወደ አገራቸው እንዲመልሷቸው ለመኑ። የመጡትም አሮጌ ራኬት የሞላበት ማዳበሪያ ተሸክመው ነው ይባላል። ሚስታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል፤ ልጅ የላቸውም። ራኬት ግን ነበራቸው።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ቦታ አስለምነው ሜዳ ሠሩ። ሲሚንቶ የለ፣ ምን የለ፤ አገሬው እህል ሊወቃ አውድማ እንደሚለቀልቅ እሳቸውም ቀይ አፈር አስደልድለው፣ ድንጋይ የሞላ በርሜል እያንከባለሉ ደመደሙት። ሰው "የጋሽ በላቸው አውድማ" ይለዋል። እሳቸውም አይከፉም። "አውድማ ነው! ፍሬና ገለባ የሚለየው እዚህ ነው!" ይላሉ።

ራኬት ለሳቸው እንጨቱም፣ ብረቱም፣ ቀለሙም አይደለም። "እሱ እጀታ ነው። ራኬት ማለት ጅማቱ፣ ይሄ የተወጠረው ክር ነው። ኳሷን የሚነካት እሱ ብቻ ነዋ!" ተማሪዎቹን ሰብስበው ሲያስረዱ እኔም ክፍለ ጊዜ ከሌለኝ ሄጄ እሰማ ነበር፤ እንደሳቸው አድርጎ የሚያስረዳ አይቼ አላውቅም።

"ለስላሳ ጅማት እንደ ደህና ባለቤት ነው" ይላሉ፣ ራኬቱን እንደ በር ከፈት እያደረጉ። "ኳሷን በእንግድነት ይቀበላታል። ግቢ ይላታል፣ ጥቂት ያሳርፋታል፣ ከዚያ ስንቅ ቋጥሮ ይሸኛታል። ስለዚህ ሳትለፉ ርቃ ትሄዳለች። ደረቅ ጅማት ደግሞ ደጃፍ ላይ መልሶ ይገፈትራታል። ርቃ እንድትሄድ ከፈለግህ ጉልበቱ ካንተ ነው። ግን አዙረህ ስትመታት ይነክሳታል፣ ያሽከረክራታል፣ መስመር ውስጥ ያወርድልሃል። የቱ ይሻላል?"

"ለስላሳው!" ይላሉ ግማሾቹ። "ደረቁ!" ይላሉ ሌሎቹ።

"እንደ ክንዱ ነው! እንደ ክንዱ!"

አወጣጠሩም ሌላ ጣጣ አለው። ጅማት ሲላላ ኳስ ትበራለች፤ ሲወጠር ትታዘዛለች። እኛ አገር ደግሞ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ንፋሱም ስሙን ለከተማዋ የሰጠ ንፋስ ነው። አዲስ አበባ መስመር ውስጥ የምታርፍ ኳስ እዚህ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው የምትገኘው። ስለዚህ ጋሽ በላቸው ጠበቅ አድርገው ይወጥሩ ነበር። በአሮጌ የአልጋ ብረት ብየዳ ቤት ያሠሩት መወጠሪያ ነበራቸው፤ ጫፉ ላይ የሚዛን ብረት ይንጠለጠላል፤ ብረቱ ሲወርድ ጅማቱ ይወጠራል። ያን ጊዜ አጠገባቸው መናገር ክልክል ነው።

ስመኝ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። የእትዬ የሺ ልጅ ናት። ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ራኬት አስይዘዋት የመጀመሪያዋን ኳስ መታች፤ ኳሷ ከመረቡ በላይ፣ ከአጥሩ በላይ፣ ከሽንት ቤቱ ጣሪያ በላይ ሄደች። ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ በላቸው ግን ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

"አንቺ ባዮሎጂ፣ አየሽ? አየሽ ወይ? ይቺን ኳስ ወደ ሜዳ የሚመልስ ጅማት ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ!"

ያን ሰሞን አንድ የድሮ ወዳጃቸው ከአዲስ አበባ ጥቁር ክር በጥቅል ላከላቸው። ታላላቆቹ ተጫዋቾች የሚመርጡት ዓይነት ነው፤ ፖሊስተር ይሉታል። ሽቦ እንጂ ክር አይመስልም። ጋሽ በላቸው አንገታቸው ላይ አጥልቀው ግቢውን ዞሩ። የስመኝን ራኬት በሱ ወጠሩላት፤ ያውም ጥብቅ አድርገው። ውጤቱ ተአምር ነበር። ያቺ ልጅ ያለ የሌለ ጉልበቷን ትመታለች፣ ኳሷ ትሽከረከርና ልክ መስመሩ ጋ ስትደርስ እንደታዘዘች ቁልቁል ትወርዳለች። ጋሽ በላቸው በደስታ አበዱ። ለርዕሰ መምህሩ፣ ለዘበኛው፣ ለባጃጅ ሾፌር ሳይቀር "ጥቁሩን ጅማት መጥታችሁ እዩ!" ይሉ ነበር።

እየቆየ ስመኝ ክርኗን ማሸት ጀመረች። ጠየቅኋት፤ "ምንም አይደለም ቲቸር" አለችኝ። ለሳቸውም እንደዚያው አለች። ትምህርት ሊዘጋ ሲል አንድ ቀን እትዬ የሺ ራሳቸው ከገበያ መጡ። የባቄላ አቧራ ልብሳቸው ላይ ነው። መምህራን ክፍል በር ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

"መምህር በላቸው" አሉ። "ልጄን በሁለት እጇ ሰጥቼዎ በአንድ እጇ መለሱልኝ።"

ጋሽ በላቸው ብድግ አሉ። "ምን ሆነች እትዬ የሺ?"

"ዛሬ ጧት ጀሪካን አንሺ ብላት ከእጇ ወደቀ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሲያማት ከርሞ ኖሯል። ጨዋታውን እወዳለሁ ብላ ነው የደበቀችን። እኔ ልጄ ኳስ ብትመታ አልጠላም፤ ክንዷን ግን ከገበያ አልገዛላትም።"

ስመኝን ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ያመማት የክርኗ ጅማት ነው። ማረፍ አለባት አሉ፤ ለብዙ ጊዜ። ተመልሼ ነገርኳቸው። ጋሽ በላቸው የዚያን ራኬት ጥቁር ክር በጣታቸው እየጫኑ ቆዩ፤ እጅ አልሰጥ አለ።

"የራኬቱ ጅማት እጅ አልሰጥ ሲል የክንዱ ጅማት እጅ ይሰጣል" አሉ በመጨረሻ። ለኔ አይደለም፤ ለራሳቸው ነው።

በዚያው ዕለት እትዬ የሺ ቤት ሄዱ። ብቻቸውን እንዳይሄዱ ብዬ ተከተልኩ። ያ ወሬያቸው የማያልቅ ሰው ደጃፍ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

"እትዬ የሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቱ አይደለችም የመረጠችው፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት። ኳሷ መስመር ውስጥ ስትወድቅ አየሁና ክንዷን ማየት ረሳሁ። ከእንግዲህ ያ ጥቁር ክር እጇ አይገባም። ለስላሳውን እስካላገኘሁላት ድረስም ራኬት አላስይዛትም።"

እትዬ የሺ ትንሽ አሰቡና፣ "ይግቡ" አሉ። "ቆመው አይማሉ።"

ቃል ከሰጡ በኋላ ነው ችግሩ የመጣው። ናይለን ክር ነበራቸው፤ ለክንድም አይከፋም። ለስመኝ ዓይነት ምት ግን ቶሎ ይረግብባታል፣ ኳሷም ተመልሳ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። እሳቸው የሚፈልጉት ልጅ ሳሉ አዛውንቱ አስተማሪያቸው ያሳዩአቸውን ነው፤ ለስላሳም፣ ጉልበተኛም፣ ተወጥሮ የማይረግብም። ከአንጀት የሚሠራው ጅማት! ዋጋው ግን አይቀመስም፤ ቢገኝም የሚያመጣልን የለም።

ክረምቱን ሙሉ ይህን ሲያብሰለስሉ ከረሙ። የጳጉሜ መጨረሻ ላይ በዝናብ እየሮጡ ቤቴ መጡ። በሩን ሳያንኳኩ ነው የገቡት።

"ባዮሎጂ! በገና!"

"ምን በገና?"

"በገና በምንድን ነው የሚወጠረው? በበግ አንጀት! ቤተ ልሔም ገዳም ያሉት መሪጌታ ሐዲስ በገና ይደረድራሉ፣ ጅማቱንም ራሳቸው ይሠሩ ነበር። እዚሁ አፍንጫችን ሥር! ነገ ወዲያ ደግሞ ምንድን ነው?"

"እንቁጣጣሽ።"

"እንቁጣጣሽ! ከተማው ሁሉ በግ ያርዳል!"

የአዲስ ዓመት ዕለት ሰው በባዶ ሆዱ ቤተ ክርስቲያን ሲስም ጋሽ በላቸው ሰፌድ የሚያህል ሳፋ ይዘው፣ እኔ ጨው ተሸክሜ ከቤት ቤት ዞርን። "እንኳን አደረሳችሁ! አንጀቱን እንዳትነኩት!" እያሉ ነው የሚገቡት። ሰው ደነገጠ። አንዷ ጎረቤት፣ "ውይ ጋሼ፣ ምን ቸገረዎት? ሥጋውን እሰጥዎ የለ እንዴ?" አለች የቸገራቸው መስሏት።

"ሥጋው ኳስ አይመታም ልጄ! አንጀቱን!"

ማታ ላይ ሳፋው ሞላ። ቤታቸው ሊያስገቡት ቢሉ አከራያቸው በሩን ይዘው አላስገባም አሉ። የኔ ቤተ ሙከራ ገባ። እንዳይሸት ብዬ ያልሞከርኩት የለም፤ ርዕሰ መምህሩ ግን ከቢሯቸው ሆነው አወቁት። እኔ የአንጀቱ ሽፋኖች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ጥንካሬው ከየትኛው እንደሚመጣ አሳየኋቸው። እሳቸው ስቡንና ዝቃጩን በማንኪያ ጀርባ ሲፍቁ ፊታቸው በብርሃን ይሞላል። "ተመልከች ባዮሎጂ፣ ይቺ ስስ ነገር! በግ ሆድ ውስጥ ሣር ስትሸኝ ኖራ፣ አሁን ኳስ ትሸኛለች!"

መሪጌታ ሐዲስ ተለምነው ከቤተ ልሔም መጡ። ጥምጣማቸው ነጭ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ። ነገሩን ሲሰሙ አማተቡ።

"በስመ አብ! መምህር፣ በገና ለምስጋና ነው። እኔ የማውቀው በጣት የሚነካ ጅማት ነው። በዱላ የሚመታ አላውቅም።"

"መሪጌታ፣ የኔም ምስጋና ነው። ጩኸቱ በዛ እንጂ።"

መሪጌታ ሳቃቸው አመለጣቸው። እሳቸውም አሁን አሁን በገናቸውን በናይለን እንደሚወጥሩ፣ የአንጀቱን ሥራ ከተውት እንደቆዩ ነገሩን። "ድምፁ ግን እንደሱ አይደለም" አሉ፣ እንደ መቆጨት ብለው። ያኔ ጋሽ በላቸው ብድግ ብለው ጨበጧቸው። ለካ ሁለቱም አንድ ነገር ናፍቀዋል።

ሥራው ተጀመረ። አንጀቱን በአመድ ውሃ ዘፈዘፍን፣ ገፈፍን፣ በቀጫጭን ሰነጠቅን፣ እርጥብ እንዳለ እየደራረብን አከረርን፣ በሁለት ባሕር ዛፍ መሃል ወጥረን በጥላ አደረቅን። የመጀመሪያው ጅማት በመሪጌታ ልክ የተሠራ ነው፤ ለበገና የሚሆን ቀጭን። መወጠሪያው ላይ አሠርነውና ብረቱ ወረደ። ጧ! ተበጥሶ የመሪጌታን ጥምጣም ወሰደው። መሪጌታ ራሳቸውን ዳበሱ፣ ጥምጣሙን አነሱ፣ አራገፉ።

"ይህ በገና አይደለም" አሉ። "ይህ ጦርነት ነው። ወፈር እናድርገው።"

ወፍራሙ ደግሞ አልደርቅ ብሎ ተበላሸ። ሌላው መሃሉ ላይ ሳሳ። ጋሽ በላቸው እንደገና ማክረር፣ መሪጌታ እንደገና መጎተት፣ እኔ እንደገና ማጠብ። ዝናቡ አልፎ የጥቅምት ፀሐይ ሲወጣ ብረቱን ቀስ ብለን አወረድነው። ያዘ። ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። አሁንም ያዘ። ጋሽ በላቸው በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። ትንንንን… አለ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ በላቸው ዘለው ጅማቱን ሳሙት፣ መሪጌታን ሳሙ፣ ሊስሙኝ ሲመጡ እኔ ገና እጄን አልታጠብኩም ነበር።

ለሙሉ ራኬት የሚበቃ ግን አልወጣልንም። መላ አመጡ። "ሸማኔ ምን ያደርጋል? ድር አለው፣ ማግ አለው። ሸክሙ የድሩ ነው። እኛም በቁመቱ የበግ፣ በአግድሙ ናይለን!" ድሩ የበግ፣ ማጉ የናይለን ሆኖ ተወጠረ። የስመኝ ክርን ድኗል። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ጨመር አድርጋ መታች። ቆመች። ራኬቱን አየችው።

"ጋሼ… አይሰማኝም" አለች። "ኳሷ ትሰማኛለች፣ የክንዴ ሕመም አይሰማኝም።"

ጋሽ በላቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ አጥሩ ሄዱና ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። አቧራ ነው አሉ።

በበጋው ከደብረ ታቦር የአንድ ትምህርት ቤት ቡድን ሊገጥመን መጣ። እኛ እነሱን አሸንፈን አናውቅም። ገበያ ቀን ስለነበር አውድማው ዙሪያ ሰው ተደራረበ፤ ባጃጅ ጣሪያ ላይ የወጣም አለ። እትዬ የሺ ባቄላቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው መጥተዋል። መሪጌታም ጥላቸውን ዘርግተው ከጥግ ተቀምጠዋል።

ስመኝ የገጠመቻት ሰላም የምትባል ቀልጣፋ ልጅ ናት። የመጀመሪያውን ዙር ስመኝ ወሰደች። ሁለተኛውን ሰላም ወሰደች። ሦስተኛው ላይ እኩል ለእኩል ሲሄዱ ሕዝቡ ደሙ ፈላ። "በያት! በያት!" ይላል። የተደሰተ አንድ ገበሬ፣ ጨዋታው የቡድን መስሎት ይሁን አላውቅም፣ "በላቸው!" ብሎ ጮኸ፤ ጋሽ በላቸው ዘወር ብለው "አቤት!" አሉ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ሳያልቅ ስመኝ አንዲት ከባድ ኳስ መለሰች። ጧ! የበጉ ጅማት ተበጠሰ።

ልጅቱ አላመነታችም። ወደ ቦርሳው ሮጣ ሁለተኛውን ራኬት መዘዘች። ያ ጥቁሩ ነው፤ ክሩን ሳይፈቱት የቀረ፣ ማንም ያላስታወሰው። ጋሽ በላቸው ሜዳ ውስጥ ገብተው ጫፉን ያዙባት።

"ልቀቁኝ ጋሼ! ትንሽ ነው የቀረኝ! አያመኝም!"

"አይሆንም።"

"ላሸንፍ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ። አይሆንም።"

ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። "ምን ነካቸው? ያስጨርሷት እንጂ!" አሉ። እትዬ የሺ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ልጃቸው ስታለቅስ አይተዋል።

"መምህር" አሉ፣ "ቃሉን የሰጡት ለኔ ነው። እኔ ፈትቼዎታለሁ። ትጫወት።"

ጋሽ በላቸው ወደሳቸው ዞሩ። እንዴት ማሸነፍ ይፈልጉ እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

"እትዬ የሺ፣ እርስዎ ይፍቱኝ። ክንዷ ግን አልፈታኝም።"

ጥቁሩን ራኬት ወስደው ብብታቸው ሥር አደረጉት። ለዳኛው፣ "እኛ በቃን" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የእንግዶቹ አሠልጣኝ ስንታየሁ መረቡን ተሻግሮ መጣ። ወጣት ነው። የተበጠሰውን ራኬት አንስቶ ድሩን ዳበሰ፣ አሸተተው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"በግ ነው" አሉ ጋሽ በላቸው።

"በግ?"

"የእንቁጣጣሽ በግ።"

ስንታየሁ አንዴ ራኬቱን፣ አንዴ ሰውየውን አየ። "ሌላ አለዎት?"

"ለአንድ ድር የሚበቃ ቀርቶኛል። በኋላ የሠራነው ነው፣ አልሞከርነውም።"

"ለመወጠር ስንት ጊዜ ይፈጅብዎታል?"

"የወንዶቹ ጨዋታ እስኪያልቅ።"

ስንታየሁ ወደ ዳኛው ዞረ። "ወንዶቹ ይቅደሙ። እኛ እንጠብቃለን። እኔ እንዲያውም ይሄን ሳላይ አልሄድም።"

የወንዶቹን ጨዋታ ያየ ሰው የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሕዝቡ በሙሉ መወጠሪያው ዙሪያ ከበበ። ጋሽ በላቸው ኮታቸውን ጣሉ። እኔ ጅማቱ እንዳይሾልክ ቀዳዳውን በወስፌ እይዛለሁ፣ መሪጌታ ሐዲስ ጥላቸውን ለሰው ሰጥተው የጅማቱን ጫፍ ይዘዋል። ብረቱ ይወርዳል፣ ሕዝቡ "እ…ህ" ይላል፤ ይይዛል፣ ሕዝቡ "እሰይ!" ይላል። የገበያ ሴቶች እልል አሉ። "ዝም በሉ! ድምፁን ልስማ!" ይላሉ ጋሽ በላቸው፤ ዝም የሚል ግን አልተገኘም። ድሩ አለቀ፣ ማጉን ከላይ ከታች እያሳለፉ ሸመኑ። ሰላም፣ ተጋጣሚዋ፣ ከስመኝ ጎን ተቀምጣ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ሁለቱም ማን ጠላት ማን ወዳጅ እንደሆነ ረስተዋል።

የመጨረሻው ቋጠሮ ታሠረ። ጋሽ በላቸው ራኬቱን ለስመኝ ሰጧት። "አዲስ ነው፤ ገና አልተገራም። ኳሷ ታመልጥሻለች፣ ዝቅ አድርገሽ ምቺ።"

ጨዋታው ቀጠለ። እንደዚያ ያለ ጨዋታ ዳግም አላየሁም። ንፋሱ ኳሷን ይነጥቃል፣ ልጆቹ ከንፋሱ አፍ ይነጥቃሉ። ስመኝ አንድ ነጥብ ስታገኝ ሰላም ታካክሳለች። በመጨረሻ ሰላም በአንድ ቀደመች። ስመኝ ለአጸፋው ያላትን ሁሉ ሰብስባ መታች፤ ኳሷ ዘፍና ሄደች፣ ሄደች፣ ከመስመሩ ወዲያ በጣት ስፋት ያህል ላይ አረፈች።

አለቀ። ተሸነፍን።

ስመኝ ተንበርክካ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። እትዬ የሺ ሜዳውን በጫማቸው እያቋረጡ ሄዱ፤ ጋሽ በላቸው ከኋላ ደረሱ። እናትየው የልጃቸውን ክንድ ይዘው ክርኗን፣ ያንን ድሮ ያመማት የነበረውን ቦታ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉ።

"እዚህ ጋ ያማል?"

"አያምም።"

"እዚህስ?"

"አያምም እማዬ! ተሸነፍኩ እያልኩሽ!"

እትዬ የሺ ቀና ብለው ጋሽ በላቸውን አዩ። ጋሽ በላቸው መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው። ባርኔጣቸውን ወደ ሰማይ ወረወሩ።

"አያምም!" ብለው ጮኹ። "ሰማችሁ ወይ? አያምም!"

እትዬ የሺ እልልታውን አቀለጡት። የገበያ ሴቶች ተቀበሉ። መሪጌታ ሐዲስ ከሕዝቡ መሃል እስክስታ ሲመቱ ያየሁ መሰለኝ፤ እሳቸው እስከ ዛሬ ይክዳሉ። ተማሪዎቹ ጋሽ በላቸውን ተሸክመው ሜዳውን ዞሩ፤ እሳቸው ከትከሻ ላይ ሆነው የስመኝን ራኬት እያወዛወዙ ስለ ድርና ማግ ያስረዳሉ፣ የሚሰማቸው ግን የለም። ስመኝም እንባዋ ሳይደርቅ ሰላምን አቅፋ ትስቃለች።

አሠልጣኝ ስንታየሁ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ተጋፍቶ አጠገቤ ደረሰ። ግራ ገብቶት ዙሪያውን ያያል።

"ይቅርታ እህቴ" አለኝ፣ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ። "ያሸነፍነው እኛ ነን አይደል?"